የዓመቱ ማናጀርና የእኛ ሽምግልና

ቤዝቦል አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳልታማ ነው። ዘጠኝ ጎልማሳ ሣር ላይ ተበትኖ ይቆማል፤ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይስታል፣ የቀሩት የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ይተፋሉ። ሦስት ሰዓት እንዲህ ካለፈ በኋላ «እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር!» ተባብለው ይለያያሉ። ቶሮንቶ ውስጥ ዕድሜ ልኬን ታክሲ ነድቻለሁ፤ ስለ ቤዝቦል የማውቀው ጨዋታው ሲያልቅ መንገዱ እንደሚጨናነቅ ብቻ ነው።

እኔ የማውቀው ሽምግልና ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ደባሎች ሃይድሮ በሚሉት የመብራት ቢል ሲጣሉ፣ መዘምራን «ማይኩን ማን ይያዝ» ብለው ሲቀያየሙ የሚጠራው ተሻገር ነው። ስለዚህ ወንድም ደረጄ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ውስጥ ክንዴን ይዞ «ጋሽ ተሻገር፣ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ» ሲለኝ አልደነቀኝም።

«ከማን ጋር ተጣላህ?» አልኩት።

«ከአምፓየሩ ጋር።»

«ምንድነው እሱ?»

«የቤዝቦል ዳኛ ነው፣ ጋሽ ተሻገር።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው ብዬ ልሄድ ስል ክንዴን አልለቅ አለ።

ደረጄ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው። አገር ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ግን ባመለከተበት ሁሉ «ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ የለህም» እያሉ መለሱት። ልጁ ይሁዳ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ «ደንዳስ ስታርስ» ለሚባል ቡድን ይጫወታል፤ ደረጄም በየጨዋታው አጥሩን ተደግፎ ሲመለከት ኖረ። የቀድሞው ማናጀር ወደ ካልጋሪ ሲዛወር ቦታውን የሚፈልግ ሰው ስለጠፋ፣ የዕቃውን ሳጥን ቁልፍ አጥሩ ላይ ለማይጠፋው ሰው ሰጡት። በቤዝቦል ማናጀር የሚባለው አሠልጣኙ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ግን ግማሹ ሰው ባንክ የገባ መስሎት «እንኳን ደስ አለህ፣ ብድር ታሰጠናለህ» ሲለው ከረመ።

ሊጉ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው አይደለም፤ የታችኛው የታችኛው ነው። ሰባት ቡድን አለው። የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ እራት ይበላና የዓመቱ ምርጥ ማናጀር ይመረጣል። ደንዳስ ስታርስ በየዓመቱ መጨረሻ ሲወጣ የኖረ ቡድን ነው፤ ዘንድሮ በደረጄ እጅ ሁለተኛ ወጣ።

«ሽልማቱ ምንድነው?» አልኩት።

«ስም የሚቀረጽበት እንጨት ነው።»

«ለእንጨት ነው ሽማግሌ የምትልከኝ?»

«ጋሽ ተሻገር» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፤ «እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ አትችልም ስባል ኖርኩ። አንድ ቀን ብቻ፣ በሰው ፊት፣ ይሄ ሰው ሥራውን ያውቃል ሲሉኝ መስማት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አፌ ደረቅ ይሁን እንጂ ሆዴ ቶሎ ይባባል። ጥፋቱን ንገረኝ አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ዳኛው ከደረጄ ተጫዋቾች አንዱን በስህተት አስወጣው። ማናጀር የሆነ ሰው በዚህ ጊዜ ሜዳ ገብቶ ለልጆቹ ብሎ ዳኛው ላይ መጮህ አለበት፤ ወጉ ነው። ደረጄ ደግሞ እንኳን ሊጮህ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉትን ሕፃናት «እባካችሁ ጌቶቼ» እያለ ነው የሚያስቀምጣቸው። ልጆቹ ከኋላ «ጎ ዳድ! ጎ ኮች!» እያሉ ቢገፉት ገባ። ቆቡን አወለቀ፤ ዳኛውን ጨበጠው፤ ከዚያም በእውነተኛ ርኅራኄ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የዓይን ሐኪም እንዳለች፣ በነፃ እንደምታየው፣ ከፈለገ አሁኑኑ ኮል ሊያደርግላት እንደሚችል ነገረው። ስልኩንም አወጣ።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ደረጄን አባረረው። የተባረረ ማናጀር ደግሞ፣ ያባረረው ዳኛ ራሱ ቅሬታውን ካላነሳለት በቀር ለሽልማቱ አይታጭም።

«ስትቀልድ ነው?» አልኩት።

«ኧረ በጌታ! ሰውየው ኳሱን አላየውም እኮ። አሳዘነኝ።»

የእኛ ሰው ጣጣው ይሄ ነው፤ ሲሳደብ እንኳ ከልቡ አዝኖ ነው።

ሽማግሌ ሦስት ነውና ሁለት ሰው ጨመርኩ። አንዱ ጋሽ ገብረክርስቶስ ናቸው፤ ጆሯቸው ደከም ቢልም ጸሎታቸው ግን ምንም አልደከመም። ሌላዋ እህት ስመኝ ናት። አዛውንቶችን የምትንከባከብ ነርስ ናት፤ እንግሊዝኛውም መኪናውም የእሷ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ሱፋችንን ለብሰን ፓርክዴል ሰፈር ወደሚገኘው የዳኛው ቤት ሄድን። ሚስተር ግሌን ይባላል። ጋሽ ገብረክርስቶስ ትልቁን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘዋል።

በሩ ተከፈተ። አንድ ፊቱ ቀይ፣ ሸምገል ያለ ሰውዬ ሱፋችንን አየ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን አየ፤ «ኖ ታንክ ዩ፣ የራሴ ሃይማኖት አለኝ» ብሎ ዘጋብን።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ።

«የራሴ ሃይማኖት አለኝ ነው ያለው።»

«እሰየው! የት ነው የሚያመልከው?»

ስመኝ ደወሉን ደግማ ተጫነችና በደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ አጎንብሳ «ቤዝቦል! ቤዝቦል!» ብላ ጮኸች። በሩ ወዲያው ተከፈተ።

ሳሎኑ በቆብ የተሞላ ነው። «ሲት፣ ሲት» አለን። አንቀመጥም አልነው። የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ይሄ የማይሻር ነው። ስመኝ «እሺ ካላሉን አንቀመጥም» ብላ አስረዳችው።

«ለምኑ ነው እሺ የምለው?»

«መጀመሪያ እሺ ይበሉ።»

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ?»

«አዎ።»

ሰውየው አንዴ በሩን፣ አንዴ ስልኩን ያይ ጀመር። የከፋው ነገር፣ ጨዋ ሰው ሆኖ እንግዳ ቆሞ እሱ ሊቀመጥ አልቻለም። አራታችንም ቆምን። የእኔ ጉልበት በክረምት ታክሲ የነዱበት ጉልበት ነው፤ የእሱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሜዳ ላይ ሲቀመጥና ሲነሳ የኖረ ነው። ጋሽ ገብረክርስቶስ «በጸሎት እንጀምር» አሉ። ለከተማዋ ጸለዩ፣ ለከንቲባዋ ጸለዩ፣ ለቤቱ ጣራ ጸለዩ፣ ላልወለዳቸውም ልጆቹ ጸለዩ። ሚስተር ግሌን አንዲት ቃል ሳይገባው አንገቱን ደፍቶ በትዕግሥት ቆመ። እዚያ ላይ ሳልወድ በግድ አከበርኩት።

አሜን ሲባል ስመኝ ጉዳዩን ነገረችው። ቀዩ ፊቱ ባሰበት።

«ያ ሰውዬ! በሕዝብ ፊት ዓይን የለህም አለኝ እኮ! እኔ ውሳኔዬን አንስቼ አላውቅም። አንድም ቀን!»

ጋሽ ገብረክርስቶስ የተባለውን አልሰሙም፤ ፊቱ ሲቀላ ግን አዩ፤ በልምዳቸውም እግር ላይ የሚወደቅበት ሰዓት እንደደረሰ ገመቱ። መጽሐፋቸውን ለእኔ አቀብለው ጎንበስ አሉና የሚስተር ግሌንን ጫማ ያዙ። ሰውየው ደንግጦ ሊያነሳቸው አብሮ ጎነበሰ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የማን ወገብ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ብቻ ሁለቱም እዚያው፣ ግንባር ለግንባር ገጥመው፣ እንደ ጎነበሱ ቀሩ።

«አትንቀሳቀሱ!» አለች ስመኝ፤ ኮቷን አውልቃ ሥራዋን ጀመረች።

«እሺ!» ይላል ሚስተር ግሌን ከታች። «እሺ! የፈለጋችሁትን! ብቻ ይነሱልኝ!»

እሺ ከተባለ ምን ቀረ፤ ሶፋው ላይ ቀድሜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ስመኝ ሁለቱንም አቃንታ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ሰውየው ፊቱን በመሐረብ ጠረገና፣ ስንት ዓመት ሲዳኝ መኪናውን እንደጫሩበት፣ ቢራ እንደደፉበት፣ የስንቱ ተጫዋች እናት እንደሰደበችው ነገረን። «ቤቴ ድረስ መጥቶ አጥፍቻለሁ ያለኝ ሰው ግን የለም» አለ። ድምፁ ተሰበረ። ወዲያው ስልኩን አንስቶ ሊጉ ጋ ኮል አደረገ፤ የደረጄም ስም ተመለሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

የእራቱ ቀን ደረሰ። የደረጄ ሚስት የሻሽወርቅ ሥራ ስለነበረባት እንግዶቹ እኛ ሦስታችን ሆንን። አዳራሹ ቢራ ቢራ ይሸታል፤ እኛ ዝንጅብል ሶዳችንን ይዘን አንድ ጥግ ተቀመጥን። ሚስተር ግሌን ከሩቅ ሲያየን የገዛ ጓደኞቹን ትቶ እኛ ጠረጴዛ መጣ። ማናጀሮቹ ከፊት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ደረጄ በአዲሱ ክራባቱ ላቡ ችፍ ብሎበታል።

ሰብሳቢዋ ማይኩን ያዘች። እጩዎቹ ሁለት ናቸው፤ ቡድኑ አንደኛ የወጣው ብራያንና የእኛው ደረጄ። መራጮቹ ሰባቱ ማናጀሮች ናቸው። ትንሽ ሊግ ስለሆነ ምርጫው እጅ በማውጣት ነው።

«ለብራያን?» አለች።

መጀመሪያ ያወጣው ራሱ ብራያን ነው! እጁን ጣራው ድረስ ወጠረው፣ መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ። «ምነው፣ አያፍርም?» አልኩ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት። ከዚያ ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ እጅ ቀስ ብሎ፣ እስከ ትከሻ ብቻ፣ ብቅ አለ።

የደረጄ እጅ ነው።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች ስመኝ።

«ሽንት ቤት ፈልጎ ይሆናል» አልኩ፤ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ጋሽ ገብረክርስቶስ የደረጄን እጅ ሲያዩ ያሸነፈ መስሏቸው አጨበጨቡ።

«አራት» አለች ሰብሳቢዋ። «ለደረጄ?»

ሦስት እጅ ወጣ። የደረጄ ሁለቱም እጆች ጠረጴዛው ሥር ናቸው። «ሦስት» አለች።

ደሜ ፈላ። በዝምታ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይሄ ሰውዬ ግን ዝም እንኳ አላለም፣ ደጃዝማችነቱን በገዛ እጁ አንስቶ ለሌላ ሰጠ! ብራያን እንጨቱን ተቀብሎ ሳመው። ከሁሉም አስበልጦ የሚያጨበጭበው ደረጄ ነው።

ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ ጠበቅኩት።

«ምን ነክቶህ ነው?»

«ኧረ ጋሽ ተሻገር» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ፤ «ሰው ፊት እንዴት ብዬ ራሴን ልምረጥ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ለሱ ለምን አወጣህ? አርፈህ አትቀመጥም?» አለች ስመኝ።

«ዝም ብል ደግሞ የተመቀኘሁት ይመስላል ብዬ...»

ሚስተር ግሌን ነገሩን ስመኝ ስትተረጉምለት አፉን ከፍቶ ሰማ። ከዚያ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። «የብራያንን ቤት አውቀዋለሁ» አለን፣ ቆፍጠን ብሎ። «ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ። እኔም አልቀመጥም።»

ደረጄ «እባክዎን! እባክዎን!» ብሎ ሁለት እጁን ይዞ ለመነው። ሰውየው ቅር እያለው ተቀመጠ።

ስንመለስ ጄራርድ መንገድ ላይ ስትሪትካር የሚሉት የከተማ ባቡር ከፊታችን ቆሞ መንገዱን ዘጋብን። እኔ በስመኝ መኪና ከኋላ ከደረጄ ጋር ተቀምጬ ጉልበቴን አሻለሁ። እንዲህ የተቃጠልኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ለዚህ ሰው ብዬ ነው የፈረንጅ ሳሎን ውስጥ እንደ ምሰሶ የተገተርኩት። ልቆጣው ዞር ስል ደረጄ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ፊቱን በክራባቱ ይጠርጋል።

«ሦስት ሰው እጁን አወጣልኝ፣ ጋሽ ተሻገር» አለኝ። «ሳልለምናቸው። በሰው ፊት። አይተዋል?»

«አይቻለሁ» አልኩት።

የራስህን ብትጨምርበት አራት ነበር፣ አንተ ሞኝ፣ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔ በሱ ቦታ ብሆን አወጣ ነበር? ሽማግሌ አይዋሽም። አላወጣም። ያን ሁሉ መንገድ ዝም ያሰኘኝ፣ ከሁሉም አብልጦ ያናደደኝም ይሄ ነው።