መኪናዋን ታቅፋ የወጣችው ሙሽራ

መምህርቷ አንድን ልብ ወለድ ለአሥራ አንድ ዓመት አስተምራለች። ተማሪዎቿ የትኛው ገጽ ላይ ማዛጋት እንደሚጀምሩ ሳይቀር ታውቃለች። ደራሲው የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበር። ወረቀት በጠፋበት ዘመን በቴሌግራም ቅጽ ጀርባ ላይ ስለጻፈ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ስለነበርም በመጽሐፉ ውስጥ ከአምስት ሰው በላይ አንድ ክፍል ውስጥ አይገኝም፤ ሠርጉ እንኳ የሚታየው በቁልፍ ቀዳዳ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናት ነበር። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ሙሽራዋ የልብስ ስፌት መኪናዋን ታቅፋ ከሠርጓ ትወጣና ዝናብ ውስጥ ምርር ብላ ታለቅሳለች። እስከዚያ ድረስ እንባ የማያውቃት ሴት ምን ነካት?

መልሱን ያመጡት አክስቷ ናቸው። አክስቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የዓይናቸው ሞራ ተገፎ፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ እሷ ዘንድ ሊያገግሙ መጡ። ልብ ወለድ የሥራ ፈት ነገር ነው ብለው ነክተውት አያውቁም። በሦስተኛው ቀን ግን መቀመጥ ሰልችቷቸው፣ መምህርቷ የነገውን ትምህርት ስታዘጋጅ «እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሏት።

ሙሽራዋ በጓሮ በር ስትወጣ አክስቷ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«አማቷ ‹መኪናው እናትሽ ዘንድ ይቅር› ብላታለች?»

«ብላታለች።»

«የመኪናው እጀታ ወልቆ ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣዋለች?»

መምህርቷ ገጹን ገለጠች። እጀታው ጉያዋ ውስጥ ነበር።

አክስቷ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔ ነኝ እኮ» አሉ። «ዝናቡ ሲብስብኝ ፖስታ ቤት ገባሁ። ጸሐፊው የራሱን ወንበር ሰጠኝና ‹ቴሌግራሙን ለማን ልላክልሽ?› አለኝ። ለእናቴ አልኩት። ‹አላገባሁም፤ መኪናው ደህና ነው› ብለህ ጻፍ አልኩት። ሰውየው ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። ሁለታችንም ሳቅ በሳቅ ሆንን። ስቅታ ይዞኝ ውሃ ያጠጣኝ እሱ ነው። ከዚያ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ጠየቀኝ። አለቀሰች ያለው ግን የማንን እንባ አይቶ ነው?»

መምህርቷ ዘላ ተነሳች። ተማሪ ሳለች የገለበጠችው፣ ሳንሱር ቢሮ ለደራሲው የጻፈው ደብዳቤ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። «ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ የሴትዮዋ ሁኔታ ይስተካከል» ይላል። የቱ ሁኔታ እንደሆነ ገብቷት አያውቅም ነበር። በዚያ ዘመን ከሠርጓ እየሳቀች የወጣች ሴት የሳንሱሩን ማኅተም አታገኝም፤ ያለቀሰች ግን ታልፋለች።

«እትዬ፣ ያስለቀሱዎት ቢሮ ውስጥ ነው።»

«ሳያስፈቅዱኝ?» አሉ አክስቷ። ሁለቱም እንደገና ሳቁ። መምህርቷ ፋሻው እንዳይወልቅ በመዳፏ ደግፋ ያዘችላቸው።

በማግስቱ ክንዳቸውን ይዛ ክፍል አስገባቻቸው። አክስቷ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው ያንኑ ታሪክ ሲያወሩ አንድም ተማሪ አላዛጋም። ቴሌግራሙ ጋ ሲደርሱ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«እማማ፣ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የፖስታ ቤቱን ጸሐፊ ያገቡታል። በእውነትስ?»

አክስቷ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «አገባሁት?»

«ገና አልደረስንበትም ነበር» አለች መምህርቷ፣ ሳቋን እየታገለች። «ምዕራፍ ሃያ ሁለት ላይ ነው።»

«ለእኔ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ?» አሉና ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። «አይ፣ እኔ ሌላ ሰው ነው ያገባሁት። ይኸኛውም መጥፎ ነበር አልልም።»

ርእሰ መምህሩ ጫጫታውን ሊገሥጹ ገብተው ነበር። ግን አንዱን ተማሪ ጠጋ በል ብለው ተቀመጡና ደወሉ ሲደወል እንኳ አልተነሱም።

አክስቷ መንገዱን ሙሉ ለብቻቸው ሲስቁ ቤት ደረሱ። ጫማቸውን ሳያወልቁ «ከምዕራፍ አንድ ጀምሪልኝ» አሉ። መምህርቷ ጀመረች። ግን እየደጋገሙ ያስቆሟት ስለነበር ሁለት ገጽ እንኳ ሳትሄድ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ የቀሚሱ ቀለም ስህተት ነው፣ እናታቸው እንዲህ ተናግረው አያውቁም፣ ሰውየው ግን ስለ ሙሽራዋ አንገት የጻፈው ትክክል ነው። እሷም እርሳስ አንስታ የሚሉትን ሁሉ በገጹ ዳርቻ ላይ ትጽፍ ጀመር።