ግራው ከበደበት

«ባለ ጃንጥላዋ እኔ ነኝ!» አለች ጋዜጣ ሻጯ፣ ለቅሶ ቤት መሆኗን ረስታ።

«የምን ጃንጥላ? የኔ ባርኔጣ እኮ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። አፍንጫው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ሊነካ ምንም አልቀረውም።

የሟች እህት ሁለቱንም በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው። አንገታቸውን ደፉ፤ ዓይናቸው ግን እዚያው ሥዕሉ ላይ ቀረ።

አይፈረድባቸውም። ሟቹ ሰዓሊ ዕድሜ ልኩን በመስኮቱ ሥር የሚያልፈውን መንገደኛ በውሃ ቀለም ሲስል ለማንም ፊት ሠርቶ አያውቅም። ለራስ አንድ ጠብታ፣ ለገላ አንድ ጭረት፣ እግሩን ደግሞ ውሃው ወደፈቀደው እንዲፈስ መተው፤ በቃ፣ ሰው ሆነ። ሰዎቹ ይጣደፋሉ፣ ይጋፋሉ፣ ቆመው ያወራሉ። ፊት ስለሌላቸው የሰፈሩ ሰው የየራሱን ፊት ይለጥፍባቸዋል። ሊያጽናና የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ከማለቱ በፊት ግድግዳው ላይ ራሱን ይፈልጋል።

ሚስቱ ጥጓ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። እሷ ፍለጋውን ከተወች ቆይታለች።

«እኔንስ መቼ ነው የምትስለኝ?» ብላው ነበር፣ ገና በወጣትነታቸው።

«እኔ የምስለው መንገደኛ ነው» አላት ብሩሹን እያጠበ። «አንቺ መቼ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

እንዴት ብላ ትውጣ! ወረቀቱን አርጥባ ሰሌዳ ላይ የምትወጥረው እሷ፣ የደፈረሰውን ውሃ የምትቀይረው እሷ፣ ቀለም ማንሻ ጥጡን የምትበጣጥሰው እሷ። አንድ ቀን ግን እልህ ያዛት። ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ወረደችና በመስኮቱ ሥር ወዲያ ወዲህ ስትንጎራደድ ዋለች። ስትመለስ ሥዕሉ አልቋል። ገበያተኛው አለ፣ ጋሪው አለ፣ ውሻው እንኳ ሳይቀር አለ። እሷ የለችም።

«አላየሁሽም እኮ!» አላት።

አመነችው። ሲስል ቤቱ ቢቃጠልም አይሰማም ብላ አመነችው። ሁለተኛ ለመሳል ብላ አልወረደችም።

አሁን አጠገቧ የተቀመጠው፣ ሰፈሩ ጺሞ የሚለው የባሏ የሥራ ጓደኛ ነው። እሱም ሰዓሊ ነው። ሁለቱ የተከራከሩበትን ያንኑ ሥዕል ከግድግዳው አውርዶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። መስታወት እንኳ አልገባለትም።

«ቢጫ ቀሚስ ለብሰሽ የወረድሽ ዕለት የሳለው ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ስታምሪ! ስሎሽ ነበር እኮ።»

«ማንን?»

«አንቺን ነዋ! እዚች ጋ።» ጣቱ በስተግራ፣ ከጋሪው ጎን አረፈ። ዳር ዳሩን ገርጣ ያለ ቢጫ የያዘው ነጣ ያለ ቦታ ነው። እሷ እስከ ዛሬ የአቧራ ብናኝ ይመስላት ነበር።

«ታዲያ የት ሄድኩ?»

ጺሞ የቀለደች መስሎት ሳቅ አለ። «ግራው ከበደበት፣ ሥዕሉ ሚዛኑን ሳተ። ቢጫ ኃይለኛ ነው፤ ዓይን ሁሉ አንቺ ላይ ሆነ። ሳይደርቅ በጥጥ አነሳሽ። ሥዕሉ የዳነው በዚያ ነው!» አለና ያጽናናት መስሎት ቡናውን ፉት አለ።

ጥጡን የዚያን ዕለት ጠዋት ያዘጋጀችለት እሷው ነበረች። ባያያት ይሻላት ነበር። አይቷት፣ ስሏት፣ ጠርጎ ካነሳት በኋላ ዓይን ዓይኗን እያየ ዋሻት። አሁን ደግሞ እንዳትጮህበት ሞቷል።

«እትዬ፣ እርስዎስ የትኛዋ ነዎት?» አለ ልብስ ሰፊው በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ።

«እኔ ቤት ነበርኩ» አለች።

እንባዋ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። የሟች እህት ለወንድሟ ያለቀሰች መስሏት «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለች አቀፈቻት። እሷ ግን ሁለት እጇን ወደፊት ዘረጋችና፣ እንባው እንዳይነካው ሥዕሉን ከፊቷ አርቃ ያዘችው።