ይዝጉባቸው

ልብስ ሰፊዋ የሸሚዙን ኮሌታ ገና ሳትጨርስ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። ለካ የአትክልቱን በር ሳትዘጋ ነው የወጣችው! ስልኳን አውጥታ ለአማቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ዶሮዎቹ የት ናቸው?»

«እዚሁ ናቸዋ፤ የት ይሄዳሉ?»

«የአትክልቱን በር ቶሎ ይዝጉባቸው፣ አደራ!»

«እሺ ልጄ፣ አታስቢ።»

እንዴት አታስብ? በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ጎመን ተክላ ሁለት ጊዜ አስበልታለች። አማቷ ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ፣ ከልብሳቸው ሌላ ይዘው የመጡት እነዚህን አራት ዶሮዎች ብቻ ነበር። ስለዚህ «ይሸጡ» ማለት ነውር ሆኖባት ከርማለች። በመጨረሻ ሦስት እሑድ ሙሉ እጇ እስኪላጥ በአጣናና በሽቦ አጥር ሠርታ ለሦስተኛ ጊዜ ተከለች። ባሏንም «ከእንግዲህ አንዲት ቅጠል ቢነኩ ገበያ ይወጣሉ» ብላ ቁርጡን ነገረችው። እሱ ቀልድ መች ያልቅበታል? «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ!» ብሎ ሳቀ።

አመሻሽ ላይ ስትመለስ የአጥሩ በር ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። አራቱም ዶሮዎች ግን ያሉት ከውስጥ ነው። መደቡ ላይ ከተከለችው ሠላሳ የጎመን ችግኝ የተረፈ የለም። ቀይዋ ዶሮ መደቡ መሃል ተዘርግታ አፈር ትታጠባለች።

«እማዬ! ይዝጉባቸው አላልኩም?»

«ዘጋሁባቸዋ!» አሉ አማቷ ደንግጠው። «ስትደውዪ ውስጥ ነበሩ። እንዳልሽኝ ዘጋሁባቸው።»

«ሲበሉ እያዩ?»

«ገርሞኝ ነበር እኮ። ግን አትክልቱ ያንቺ ነው፤ የምታውቂው ነገር ይኖራል ብዬ ነው።»

ሰፊዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ ወረወረችው። መሳቅም ማልቀስም አማራትና አለቀሰች። ዝናቡ ሊያበቃ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው። የሦስት እሑድ ልፋት በአንዲት ቃል ገደል ገባ።

አሮጊቷ ነገሩ ሲገባቸው ድምፃቸው ሰለለ።

«ሽጫቸው ልጄ። ነገ ራሴ ገበያ አወጣቸዋለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ ስትመኘው የኖረችውን ቃል ስትሰማ ደስ አላት? ጭራሽ ባሰባት። አሮጊቷ ዶሮዎቹን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ መቀርቀሪያው ሰደዱ።

«አይክፈቱ!» ብላ ጮኸች።

ስልክ ከደወለችበት ከቀትር ጀምሮ አንዲት ዶሮ እንኳ ከዚያ አጥር አልወጣችም። ሰፊዋ ይህን ያስተዋለችው ገና አሁን ነው። ዶማውን አንስታ፣ ዶሮዎቹ ክረምቱን ሙሉ ሲውሉበት ወደነበረው የግድግዳ ጥግ ሄደች።

«እዚያማ ኩሳቸው ነው የሞላው» አሉ አማቷ።

«እሱን ነው የምፈልገው። የአጥሩ ውስጥ የእነሱ ይሁን፤ ውጪው የኔ ነው። ይልቅ ሳልተክላቸው ቆርቆሮ ውስጥ የቀሩትን ችግኞች ያምጡልኝ።»

ንዴቷ ገና አልበረደም። አማቷን ቀና ብላ ሳታይ መቆፈር ጀመረች።