ከሳጥኑ የጠፋው ቢጫ

«ጀሪካን መሰለች» አሉ ቄሰ ገበዝ ገዳሙ።

ዘቢደር በእጇ የያዘችውን ብጣሽ ሸራ ከግድግዳው ራቅ አድርጋ ራሷም አየችው። እውነታቸውን ነው። አሁን ቀብታ፣ እፍ እያለች አድርቃ ከሥዕሉ አጠገብ ያስጠጋችው ቢጫ፣ ውሃ ወረፋ ላይ የተደረደረ ጀሪካን ቁርጥ ነው። ይህ አራተኛ ሙከራዋ ነበር። የመጀመሪያውን «እርድ» አሉት። ሁለተኛውን «የታመመ ሰው ዓይን» አሉት። ሦስተኛውን ሲያዩ አማተቡና ወጡ።

ከፊቷ፣ በመቅደሱ ምዕራብ ግድግዳ ላይ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። የሣላት የዘቢደር አባት፣ መሪጌታ ታዲዮስ ነው። ካቻምና ክረምት ጣራው ያፈስ ነበርና ውሃው በራሷ ላይ ሲወርድ ከረመ። ሰማያዊ ካባዋ ቻለው፤ ቀይ ቀሚሷም ቻለው። ቢጫው የብርሃን አክሊሏ ግን ሟምቶ፣ በጉንጯ በኩል ወርዶ አለቀ። አሁን በራሷ ዙሪያ የቀረው የነጣ ክብ ብቻ ነው። ውሃው ያልደረሰበት የሕፃኑ አክሊል እዚያው እንደበራ አለ፤ ጥልቅ፣ ሞቅ ያለ፣ ፀሐይ ላይ ያስቀመጡት የማር ብርሌ የሚመስል ቢጫ። ዘቢደርን ያቃጠላት እሱ ነው። ከዚያች ከሕፃኑ አክሊል ጋር የሚገጥም ቢጫ ከየት ይምጣ?

«እህቴ፣ መሞከሩንስ ሞክረሻል፤ ማንም አይወቅስሽም» አሉ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ይሄይስ፣ ስልካቸውን ከኪሳቸው ብቅ ጥልቅ እያደረጉ። «ሠዓሊዎቹ ነገ ጠዋት ይገባሉ። ግድግዳውን ፍቀው በዘይት ቀለም አዲስ አድርገው ይሥሉልናል። ለኅዳር ጽዮን ይደርሳል።»

«ፍቀው?»

«ታዲያ በላዩ ላይ ይቅቡት? አይይዝም ብለዋል።»

ዘቢደር ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረች። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሥዕሉን አዩ። አባቷን ያውቁት ነበር፤ ይህ ሥዕል ሲሣል ገና ዲያቆን ነበሩ።

«ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀመጣል» አሉ። «እስከዚያ ቀለሙን ካመጣሽ አክሊሉን አንቺ ትሞያለሽ፤ ሥዕሉም እንዳለ ይኖራል። ካላመጣሽ እንፈርማለን። ምን ላድርግ ልጄ? እመቤቴን ያለ አክሊል ለንግሥ ላቆማት አልችልም።»

ጫማዋን አጥልቃ ወጣችና ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ዘጭ አለች። ሰዓቱ ገና አራት ነው። አምስት ሰዓት አላት። አምስት ሰዓት ምን ይሠራል? ሉማሜ ያለውን የቀለም ሱቅ አዳርሳዋለች፤ ደብረ ማርቆስም ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች። ሱቅ የማያውቀውን ነገር ሱቅ ውስጥ ስትፈልግ መክረሟን ታውቀዋለች። ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥስ እንዴት ይሆናል?

ሥራዋ ታፔላ መሣል ነው። በሉማሜ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ካሉት የሻይ ቤትና የጸጉር ቤት ታፔላዎች እኩሌታው የእሷ እጅ ነው። አንድ ጊዜ ለሥጋ ቤት የሣለችው በሬ ከማማሩ የተነሣ፣ ሰው በሬውን ሲያይ ውሎ ሥጋ ሳይገዛ ገባ እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድባታል። አባቷ ብቻ ቀልዶም አመስግኖም አያውቅም። በታፔላዎቿ ሥር አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ድሮማ እንዲህ አልነበረም። ስድስት ዓመቷ ሳለ ከፍየል ጸጉር ብሩሽ ሠርቶ የሰጣት እሱ ነው። ከጉልበቱ ሥር ቁጭ ብላ የሚያደርገውን ሁሉ ታደርግ ነበር። ከዚያ ክፉኛ ታመመች፤ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሰነበተች። ድና ስትመለስ የሥራ ቤቱ በር ተዘግቶ ጠበቃት፤ ብሩሿም የለችም። «ከዛሬ ጀምሮ ቀለም አትነኪም» አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ጎረቤቱ ግን ነገራት፤ «ሴት ልጅ ከመቅደስ ሥዕል ምን አላት!» እያለ። አባቷም ይህን ሲሰማ አላስተባበለም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያመነችው ይህንኑ ነው።

ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሊሞት ሰሞን «ቢጫህን ከምን ነው የምትሠራው?» ብለው ሲጠይቁት «ያው ከሳጥኑ ውስጥ ነው» አለ፤ ከዚያ በላይ ለመናገር ጉልበት አልነበረውም። የገነዙት ሰዎች ግራ መዳፉ ቢጫ መሆኑን አይተው «የወፍ በሽታ ነበረበት እንዴ?» ተባባሉ። ከዐርባው በኋላ ዘቢደር የቀለም ሳጥኑን ከፈተችው። ጥላሸት፣ ቀይ አፈር፣ ሰማያዊ ዱቄት፣ የቆዳ ሙጫ። ቢጫ የሚባል ነገር ግን ዘሩም አልነበረም። ስንት ጊዜ በረበረችው! እናቷን ወለተ ኢየሱስን ብትጠይቅ «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ» አሏት፤ እሳቸውም ከዓመታት በኋላ ዐረፉ።

ተነሥታ ወደ ቅጽሩ በር ሄደች። የደብሩ ዘበኛ አያ ደምለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከግንቡ ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ። በጉልምስናቸው የአባቷን ቀለም ይወቅጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«አያ ደምለው፣ እንደምን አደሩ? እባክዎ ደግመው ያስቡልኝ። ቢጫውን እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«ወይ አንቺ ልጅ! ስንቴ ልንገርሽ? እኔ ቀዩንና ጥቁሩን ነው የምወቅጥ። ቢጫውን አያስነካም። በር ዘግቶ ብቻውን ነው የሚሠራው።» ፊታቸውን አኮሳተሩና ሆዳቸውን ያዙ። «አሁንስ ተይኝ፤ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ሆዴ ተቆልፏል። መድኃኒቴን ልውሰድበት።»

«ጤና ጣቢያ ለምን አይሄዱም?»

«ሄጄ! ኪኒኑ ለእኔ ሆድ ጨዋታ ነው።»

ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ ጉራጅ ነገር አወጡ። የመሐል ጣት ታህላለች። ቡናማ፣ ደብዛዛ፣ አቧራ የጠጣች፤ ወድቃ ብትገኝ ማንም አያነሣት። በጎኗ ላይ የሸምበቆ አንጓ የመሰለ ጭረት አላት። አያ ደምለው በካራቸው ጫፍ ከእሷ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ፋቁ፤ በጣሳቸው ክዳን ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገው ጣሏትና በጣታቸው አሸት አሸት አደረጓት።

ውሃው ቢጫ ሆነ።

እንዲሁ ቢጫ መሰላችሁ? ያች ደረቅ ቡናማ ፍርፋሪ ውሃ ሲነካት እንደ ነቃ ዓይን ብልጭ አለች፤ ክዳኑን ሞላችው፤ የሽማግሌው ጣት ላይ ወጣች። የሕፃኑ አክሊል ራሱ ነው። ዘቢደር ጮኸች፤ ከበሩ ውጭ ሣር የሚግጥ አህያ ደንብሮ ሮጠ።

«ምን ሆንሽ? እባብ ነው?»

«አያ ደምለው! ይህ ከየት መጣ?»

«ከአባትሽ ነዋ! በሕይወት ሳለ ሆዴ ሲታሰር እሱ ነበር የሚሰጠኝ፤ ሁልጊዜ የጤፍ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ እንዳታልፍ እያለ። የሞተ በሰባተኛው ቀን እናትሽን ለመንኋት። ከሳጥኑ አውጥታ 'መድኃኒትህ ይችው' ብላ ሰጠችኝ።» ከዚያ የዘቢደርን ፊት አዩና ጉራጇን ጨበጥ አደረጓት። «መድኃኒት ነው እኮ። ቀለም አይደለም።»

«ጣትዎን ይዩታ!»

አዩት። ወደ ብርሃን አነሡት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጠቀሙበትን ነገር እንደ አዲስ አዩት፤ ለካስ ሁልጊዜ ዓይናቸው የነበረው ሆዳቸው ላይ ነው። ወይ ጉድ! ደብሩ በሙሉ ቢጫ ነገር ሲፈልግ፣ ቢጫው ቡናማ መስሎ በጋቢ ጫፍ ተቋጥሮ በር ይጠብቅ ነበር።

«'የዛፍ ሙጫ ነው' ይለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ከባሕር ማዶ የመጣ። ዛፉን ሲያቆስሉት ይደማል፤ ደሙን በሸምበቆ ይቀበሉትና ሲደርቅ ይሰብሩታል፤ አለኝ። ከአዲስ አበባ ነጋዴ ነው የገዛው። ለመድኃኒት ነበር የመሰለኝ።» ድንገት ቆም አሉ። «አሃ! ለካ ለዚህ ነው።»

«ለምኑ?»

«አንቺ የታመምሽ ጊዜ ነዋ። አታስታውሽም? ያኔ አባትሽ የብሩሹን ጫፍ በምላሱ ነበር የሚያሾለው። አንቺም እሱን እያየሽ ትልሻለሽ። አንድ ቀን ብቻሽን ገብተሽ፣ ብሩሽሽን ከአንዱ የቀለም ገበታ እየነከርሽ ስትልሺ አገኘሽ። ማታውን ሆድሽ ተከፈተ፤ ደም ድረስ። ተሸክሞሽ እስከ መኪናው መንገድ ሮጠ። 'በእጄ ገደልኳት፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት' እያለ ሲያለቅስ አብሬው ነበርኩ። የትኛው ቀለም እንደሆነ ግን ለእኔም አልነገረኝ፤ ለካ ይችው ኖራለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ብሩሽ ከአፉ አላስጠጋም።»

ዘቢደር ከግንቡ ሥር ተቀመጠች። ልትስቅ ወይ ልትቆጣ አልታወቃትም። ሴት ስለሆንሽ ብሎ አልነበረም። ፈርቶ ነው። በታፔላዎቿ ሥር አንገቱን ደፍቶ ያለፈውም፣ ብሩሽ ይዛ ሊያያት ስላልቻለ ነው። አንድ ቃል ቢነግራት ምን ነበረበት! ተናደደችበት። እንባዋ ግን ንዴቷን አልጠበቀም፤ ወረደ።

«ይስጡኝ፣ አያ ደምለው» አለች በመጨረሻ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካላሳየኋቸው ግድግዳውን ይፍቁታል።»

ሽማግሌው ጉራጇን በመዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ለሌላው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ለእሳቸው ግን የዐሥራ አንድ ዓመት ሰላማቸው ነች። በክዳኑ ላይ ያለችውን ቢጫ ውሃ አዩ። ሊጠጧት አነሡ፤ መልሰው አስቀመጧት።

«እንኪ» አሉ። «ሆዴ ተቆልፎ የቀረ እንደሆነ እመቤቴ ራሷ ትክፈተው።»

«ነገ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን።»

«እንግዲህ ጀመረሽ!» አሉ፤ ግን እምቢ አላሉም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው በቅድስቱ ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። አቶ ይሄይስ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘዋል። ዘቢደር ከሥዕሉ ፊት ተንበረከከችና ብጣሽ ሸራዋን ዘረጋች፤ ነጭ ሰሐን አስቀመጠች፤ ከዚያ ጉራጇን አወጣች።

«እንዴ! ጭራሽ ቡናማ አመጣሽልን?» አሉ አቶ ይሄይስ።

ዘቢደር ጠብታ ውሃ በሰሐኑ ላይ ጣል አደረገችና ጉራጇን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ዞር ዞር አደረገቻት። ከኋላዋ አንድ ሰው «አቤት!» ሲል ሰማች። ቀጭኑን ብሩሽ ነከረች። እጇ ሃያ ዓመት የለመደውን ሊያደርግ፣ ጫፉን ለማሾል ወደ ከንፈሯ ሄደ።

«አንቺ ልጅ!»

ከበሩ ላይ የጮኹት አያ ደምለው ናቸው። ድምፃቸው በመቅደሱ ዙሪያ ዞረ። ዘቢደር ብሩሹ ከንፈሯን ለመንካት ጥፍር ያህል ሲቀረው ቀጥ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ብሩሹን ዝቅ አደረገችው፤ ጫፉን የምታሾልበት ሌላ ነገር አልነበራትምና ግራ መዳፏን ዘረጋች፤ በመዳፏ ላይ ጠረግ፣ ዞር፣ ጠረግ አደረገችው። ጫፉ እንደ መርፌ ሾለ።

በሸራው ላይ አንድ መስመር አሠመረች። ሁለተኛውን ከጎኑ ደረበች። ሸራውን አንሥታ ከሕፃኑ አክሊል አጠገብ ያዘችው። የሸራው ጠርዝ ባይኖር ኖሮ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ መለየት አይቻልም ነበር።

ቄሰ ገበዝ ገዳሙ ተጠጉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። አቶ ይሄይስ ወረቀቱን አጠፉና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ስንት ቀን ይፈጅብሻል?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

ዘቢደር መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ቄሰ ገበዙ ሸራውን ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው ነበርና ለማቀበል ግራ እጇን ስታነሣ መዳፏን አየችው። ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ መሐሉ ድረስ ቢጫ ሆኗል። ይህን መዳፍ ታውቀዋለች። በሕፃንነቷ ራሷን ዳብሷታል፣ ቆሎ ዘግኖ ሰጥቷታል፣ በመግነዝ ውስጥ ሲጠቀለልም አይታዋለች።

«ልጄ» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «ስንት ቀን?»

«አንድ አፍታ ይታገሡኝ፣ አባቴ» አለች ዘቢደር። መዳፏን ጨበጠችው፤ ውሃ ሊያቀርቡላት የመጡትን አያ ደምለውን በዓይኗ መለሰቻቸው። አሁን መታጠብ አልፈለገችም።