ባለሦስት እጅጌው ኮት

ይህን ታሪክ ሰው እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ግን እውነት ነው፤ ውሸት ከሆነ የያዝኩት ብሩሽ እጄ ላይ ይድረቅ! ሥራዬ ቤት መቀባት ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የጻፍኩት ፌስቡክ ላይ ብቻ ነው።

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወሬዬን ስሰልቅ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «አንተ ቅደድ፣ እኔ ልስፋ» ትለኝ ነበር።

የራሷን ሱቅ በከፈተች በሁለተኛው ወር ፌስቡክ ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «እህቴ ለአንድ ሙሽራ ባለሦስት እጅጌ ኮት ሰፋችለት። ሙሽራው ምን ገዶት! በአንዱ ሚስቱን አቀፈ፣ በአንዱ ኬክ ቆረሰ፣ በሦስተኛው አማቱን ተሰናበተ።»

አራት ሺህ ላይክ! በማግስቱ ሱቁ በሰው ተሞላ። የሚያሰፋ ግን አልነበረም፤ ሁሉም «ሦስተኛዋን እጅጌ አሳዪን» ባይ ነው። ደንበኞቿ ጨርቃቸውን እየወሰዱ ሄዱ።

«ቀልድ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ለአንተ ቀልድ ነው። ለእኔ ሥራዬ ነበር።»

ሱቋን ዘጋች፣ ፌስቡኳን ዘጋች፣ ሌላ ከተማ ገባች። ስልኬንም አታነሳም። የስፌት መኪናዋ ቆሞበት የነበረው ወለል ላይ አራት ስርጉድ ቀረ። ሁለቴ ቀባሁት፤ በቀለም አይሞላም።

ሞባይል ጠጋኙን ጎረቤቴን «ዶክተር» እንለዋለን፤ ከዳኑለት ይልቅ የሞቱበት ስለሚበዙ። ጭንቀቴን ብነግረው፣ «ብሎግ ልክፈትልህ» አለኝ። «ፌስቡክ ላይ የለጠፍከው ሁሉ እዚያም ይታያል፤ ፌስቡክ የሌለውም ያነበዋል። በቀን ስንት ሰው እንደገባም ይቆጥርልሃል።»

«እኔንም ይቆጥረኛል?»

«አንተን ምን ብሎ ይቆጥርሃል!»

አድራሻውን በአክስታችን በኩል ለእህቴ ላክሁ፤ ለሌላ ለማንም አልሰጠሁም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የቀለም ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ከፈትኩት። የጎብኚ ብዛት፦ አንድ። ዘልዬ ስጮህ ቤታቸውን የምቀባላቸው ሴትዮ ቀለም የጠጣሁ መስሏቸው ወተት ይዘው እየሮጡ መጡ።

በሁለተኛው ቀን ዜሮ። በሦስተኛውም ዜሮ። ሳምንቱን ሙሉ ዜሮ።

«ዶክተር፣ ቆጣሪህ ታሟል።»

ስልኬን ተቀብሎ አየው። «ቆጣሪው ደህና ነው። ለመሆኑ ብሎግህን ከላይ ጀምረህ አይተኸው ታውቃለህ?»

አላየሁትም። ቆጣሪው ከታች ነው፤ እኔም በቀጥታ ወደ እሱ ነበር የምወርደው።

«በብዛት የተወደደው ከላይ እንዲሆን አድርጌልሃለሁ» አለኝ፣ ውለታ የዋለልኝ መስሎት።

አናቱ ላይ ባለሦስት እጅጌው ኮት ተሰቅሏል። እህቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ደጄን ብትረግጥ የተቀበላት እሱ ነው።

እዚያው ቆሜ ልጥፉን ከፌስቡክ አጠፋሁት። አራት ሺሁ ላይክም አብሮት ሄደ። ብሎጉ ላይ ግን ባዶ ሳጥን ቀረ፤ «ይህ ልጥፍ አሁን የለም» ይላል። ዶክተር ሊያነሳው ሲል ከለከልኩትና ከሥሩ ጻፍኩ፦ «እትዬ፣ እዚህ የነበረው ውሸት ነው። ኮትሽ ሁለት እጅጌ ነበረው፤ ስፌቱም ቀጥ ያለ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ሳልቀጥፍ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ባልዲዬ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የጎብኚ ብዛት፦ አንድ።

ይኸው ነው። ወተቱ ሳይቀር ሁሉም እውነት ነው። ባልዲውንም እስከ ዛሬ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር እገለብጣለሁ። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻዋን «አንድ»።