ሌንሱ ችሎት ቀረበ

በዚያ ቤት ውድ ዕቃ መግዛት የፈለገ ሰው ሳጥኑ ላይ ይወጣል። ሳጥኑ ሌላ ጊዜ ደንበኞች ሱሪያቸው ሲለካ የሚቆሙበት፣ ጥግ ጥጉ የተላላጠ የእንጨት ሳጥን ነው። ዕቃ ፈላጊው እዚያ ላይ ቆሞ ለምን እንደሚያስፈልገው ያስረዳል፤ የቀረው ቤተሰብ ደግሞ ከታች አንጋጦ ያፋጥጠዋል። አባትየው ብስክሌቱን ያስፈቀደው እዚያ ላይ ቆሞ ነው። ልጅቷም ስልኳን ያገኘችው በሦስተኛ ሙከራዋ ነው፤ በመጀመሪያው አልቅሳ አልሆነም፣ በሁለተኛው አኩርፋ አልሆነም፣ በሦስተኛው ተከራክራ ረታች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ጠበቃዋ» ሆኖ ቀረ።

በዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑ ላይ መውጣት የነበረባት እናትየዋ ነበረች። ፎቶ አንሺ ናት። የሱቃቸው የፊት ለፊት ግማሽ፣ ትልቁ መስኮት ያለበት፣ የእሷ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ጓዳ ደግሞ የልብስ ሰፊው የባሏ። ዛሬ በእጇ አንድ ሌንስ ይዛለች፤ አያያዟን ላየ ግን የትናንት አራስ ልጅ የታቀፈች ነው የምትመስለው። የካሜራ ነጋዴው «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሞክሪው፤ ካልፈለግሽው ሌላ ገዢ ደጄ ላይ ቆሞልኛል» ብሎ በአደራ ሰጥቷታል። ዋጋውን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መቀመጫ መፈለግ ነው። ቤት ውስጥ የተጠራቀመው ገንዘብ እንደ ምንም ይበቃዋል። ችግሩ፣ ያ ገንዘብ የተጠራቀመው ለአባትየው የእንፋሎት ካውያ መግዣ ነበር።

«እኔ አልወጣም፤» አለች እናትየዋ በሹክሹክታ። «ገና ሳጥኑን ሳየው የምለው ሁሉ ይጠፋኛል። የኔ ጠበቃ፣ አንቺ ውጪልኝ።»

«ክፍያዬስ?»

«የወለድኩሽ አይበቃም?»

«እሱ አለፈ እማዬ። አዲስ ጉዳይ፣ አዲስ ክፍያ።»

«እሺ፣ ነገ ሱቁን እኔ እጠርገዋለሁ።»

«ሳምንቱን ሙሉ።»

«ወይ አንቺ ልጅ! እሺ፣ ሳምንቱን ሙሉ።»

ጠበቃዋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አባትየው ብጫ አምፖሉ ሥር አቀርቅሮ የአንድ ሙሽራ ጥቁር ኮት ላይ የቁልፍ ቀዳዳ በእጁ እየጠለፈ ነበር። ሙሽራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደዋል። ልጅቷ ሳጥኑን በእግሯ ጎትታ ወጣችበትና ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«የተከበርክ አባቴ ሆይ…»

«ሌንሱ ነው አይደል?» አለ ቀና እንኳን ሳይል።

«በምን አወቅክ?»

«የእናትሽን ዓይን አየሁታ። በሠርጋችን ቀን ብቻ ነው እንደዚያ ሲያበራ ያየሁት። ያኔም ቢሆን የምታየው እኔን ሳይሆን የፎቶ አንሺውን ካሜራ ነበር።»

«ሰምቼሃለሁ!» አለ ከመጋረጃው ወዲያ የመጣ ድምፅ።

«እንድትሰሚ ብዬ ነው!»

ጠበቃዋ አላመነታችም። «ካሜራ ያረጃል፣ ይለወጣል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ይወረሳል። ከእማዬ እኔ እወርሰዋለሁ፣ ከእኔ ደግሞ ልጆቼ። ዋጋውን ለሦስት ትውልድ ብታካፍለው እኮ ከክር ይረክሳል!»

«ልጆችሽ ድርሻቸውን ይክፈሉታ።»

«ገና አልተወለዱም።»

«እኔ ደግሞ ገና አልሞትኩም። በሕይወት እያለሁ ካውያዬን ገዝቼ ልተኩስበት።»

«እሺ፣ ይሁን። ግን ርካሽ የገዛ ሰው ሁለቴ ይገዛል።»

«እናትሽ አንዴ ገዝታለች፤ ያውም ይሠራል።»

«ይሠራል! የኔም አሮጌ ጫማ ይሄዳል እኮ አባዬ፤ ጣቴ ቀድሞት ይደርሳል እንጂ!»

አባትየው ሳቁን በጥርሱ ያዘና ክሩን በጠሰው። «ስሚኝ ልጄ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ሌንስማ ምን ሊያይ! እናትሽ በዚያ በአሮጌው የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን አውጥታ ታሳያለች። እሷ እንደዚህ ያለ ዕቃ ምን ያደርግላታል?»

ጠበቃዋ ተናደደች። እያሞገሱ መከልከልን የመሰለ ተንኮል የት ይገኛል? ደንበኛዋ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ቀልጣ ልትቀር ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለላት፤ አባቷ በዓለም ላይ ከሚኮራባቸው ነገሮች ሁሉ በላይ የሚኮራው በቁልፍ ቀዳዳዎቹ ነው። ሌላው ሰፊ በማሽን ይገጨዋል፤ እሱ ግን እያንዳንዷን በእጁ ጠልፎ፣ ለደንበኛ ሲያሳይ እንደ ልጅ ጥርስ ነው የሚቆጥራት።

«ከፍርድ በፊት አንድ ማስረጃ አለኝ!» አለች። «እማዬ፣ ካሜራሽን ይዘሽ ግቢ!»

እናትየዋ ገባች። ጠበቃዋ ኮቱን ከአባቷ እጅ ተቀብላ የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ አለበሰችውና አሻንጉሊቱን ወደ ጓዳው ጨለማ ጥግ ገፋችው።

«እዚያ? ፍላሽ የለ፣ ምን የለ!» አለ አባትየው።

«አያስፈልገውም፤» አለች እናትየዋ፣ ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላ። «ይሄኛው ብርሃን ይጠጣል። ጠብታ ከተገኘ ይበቃዋል።» ሦስት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሦስቱም ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ወጥተው ኮምፒውተሩን ከበቡት። እናትየዋ የአምፖሉን ብጫነት ከፎቶው ላይ አጠበችለት። ኮቱ ፍጹም ጥቁር ሆኖ፣ ሽመናው አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ ከጀርባው ያለው ጓዳ እንደ ጉም ለስልሶ ወጣ። አባትየው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ደንታ ቢስ ሊቆም ሞከረ። ከዚያ ጠጋ አለ። ደግሞ ጠጋ አለ።

«ይሄ… የኔ ኮት ነው?»

የጠበቃዋ ልብ ቅቤ ጠጣ። «ገና ምን አይተህ! እማዬ፣ የቁልፍ ቀዳዳውን አሳድጊለት!»

እናትየዋ አሳደገችው። ቀዳዳው ማያ ገጹን ሞላው። ጥልፉ ቀጥ ያለ፣ ጥብቅ ያለ፣ አንዱ ካንዱ ዝንፍ ያላለ ነው። ያማረ ሰማያዊ ጥልፍ።



«ይሄ ዕቃ ውሸታም ነው!» አለ አባትየው። «ከራሱ ቀለም ይጨምራል!» ሮጦ ገብቶ ኮቱን ከአሻንጉሊቱ ገፈፈና ወደ መስኮቱ ይዞት መጣ። የቀን ብርሃን አላዳነውም። ከፊት ሦስቱ፣ ከእጅጌው አራቱ፣ ሰባቱም ቀዳዳዎች ሰማያዊ ናቸው። ተመልሶ የክሩን ጥቅል አመጣ፤ እሱም ሰማያዊ ነው። ጥቁሩ ጥቅል አጠገቡ ተቀምጦ ኖሯል፤ ብጫው አምፖል ሥር ግን ሁለቱ እንደ መንታ አይለዩም።

ጠበቃዋ ምላሷን ነከሰች። ዳኛውን በገዛ ችሎቱ አዋርዳ ያስፈረደች ጠበቃ የት አለች? እናቷ በዓይኗ ጠበሰቻት። አባትየው ግን አልተቆጣም። መስኮቱ ሥር ያለው የደንበኞች ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ፣ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀዳዳዎቹን በጣቱ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው ግን አንተ ጓዳ የገባኸው?»

የመለሰችላት እናትየዋ ናት። «ሱቁን የተከራየን ቀን ነው። ‹ፎቶ ያለ ብርሃን አይሆንም፤ መርፌ ግን መንገዱን ያውቃል› ብሎ መስኮቱን ለኔ ተወልኝ። አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር።»

«አምፖሉን ብንቀይረው እኮ…» ብላ ጀመረች ልጅቷ፤ አልጨረሰችም። እናቷ እግሯን ረግጣታለች። ነገሩ በአንድ አምፖል ካለቀ ሌንሱን ማን ይፈቅዳል? ጠበቃ የገዛ ደንበኛዋን አትከስም።

አባትየው ሰምቷል። መስማቱን ሁለቱም አይተዋል። ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መርፌውን አነሳ። «አሁን አራት ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ላይ ሰውዬው ይመጣል። ሁሉም ይፈታል።»

ሥራ ተጀመረ። ጠበቃዋ ሰማያዊውን ክር በወረንጦ እየነቀለች፣ እናትየዋ ጨርቁን ወጥራ እየያዘች፣ አባትየው በጥቁሩ እንደ አዲስ ጠለፈ። ወደ ጓዳው ለመመለስ ማንም አላሰበም፤ እሱ እንኳን መስኮቱ ሥር መቀመጡን የረሳው ይመስላል። የመጀመሪያዋ ቀዳዳ አለቀች። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ፈጠነች። አምስተኛዋ ላይ ማፏጨት ጀመረ፤ ልጅቷ አባቷ ማፏጨት እንደሚችል እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

«እዚህ ተቀምጦ መስፋት እንደዚህ ነው እንዴ?» አለ። «ክሩ እኮ ራሱ ይታየኛል! አልፈልገውም፣ አልዳብሰውም፤ ይታየኛል!»

እናትየዋ ባሏን አየችው። ከዚያ ሌንሱን አየችው። ከዚያ ብድግ ብላ ሳጥኑን ከጓዳ አመጣችና፣ የመስኮቱን ደፍ ይዛ፣ ወጣችበት።

«ጠበቃዬን አሰናብቻለሁ፤» አለች።

«ያለ ማስጠንቀቂያ?» አለች ልጅቷ። «ጠረጋውስ?»

«ዝም በይ! አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ። እስከ ዛሬ መስኮቱን የያዝኩት አሮጌው ሌንስ ብርሃን ስለሚለምን ነው። ይሄኛው አይለምንም፤ ራስህ አይተሃል። ይሄ ከተገዛ እኔ ጓዳ እገባለሁ፤ አንተ ወደ መስኮቱ ትወጣለህ። አለቀ። ክርክሬ ይሄ ነው።»

«ጓዳ ውስጥ ሰው አምሮበት ይነሳል?»

«ኮትህ አላማረበትም?»

«አማረ እንጂ! ገመናዬን አደባባይ እስኪያወጣው አማረ!» አለና ሳቁ ገነፈለ። እየሳቀ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ፣ የሳጥኑን ጫፍ በእጁ ደገፈ። «ውረጂ እባክሽ፣ ሳትወድቂ። ካውያው ይቆይ። አሮጌው ገና ይተኩሳል፤ ቢያንስ እሱ ቀለም አያሳስትም።»

«ተፈቀደ?»

«ተፈቀደ ነው የምልሽ! ሌላው ገዢ ሳይቀድምሽ ሩጪ እንጂ!»

እናትየዋ ነጋዴው ጋ ደርሳ ስትመለስ ሰባት ሰዓት አልሞላም ነበር። እሷ እስክትመለስ አባትና ልጅ የቀሩትን ቀዳዳዎች ጨርሰው፣ የስፌት መኪናውን እየጎተቱ፣ አንዴ በሩ ላይ ተቀርቅረው፣ አንዴ እየተሰዳደቡ መስኮቱ ሥር አቆሙት። ጓዳው ተጠረገ፤ ማን እንደጠረገው ሳይናገሩ መገመት ይቻላል።

ሙሽራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ኮቱን ለበሰ፤ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰና «ይሄስ የእጅ ሥራ ነው!» አለ። አባትየው ጣሪያውን አየ፣ ጠበቃዋ ወለሉን አየች። ከዚያ ሙሽራው ለፎቶ ወደ ጓዳው ተጠራ።

«እዚህ ድንግዝግዝ ውስጥ?» ሲል ተሰማ። «መብራት አታበሪም እንዴ እህቴ?»

«ዝም ብለህ ሙሽሪትን አስብ!» አለ አባትየው ከመስኮቱ ሥር፣ አፉ ውስጥ አራት ስፒል ይዞ። «ያ ዕቃ ብርሃን ይጠጣል! አንተ ይሄን ታውቃለህ? አታውቅም! ሰዎች ዝም ብለው ውድ ነው ይላሉ!»

ከጓዳው ቀጭ የሚል ድምፅና የሙሽራው ሳቅ መጣ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭ መቀሱን እንደያዘ ብቅ ብሎ በመስኮቱ አፍጥጦ ሲያይ፣ አባትየው እጁን አወዛወዘለት። ፀጉር ቆራጩ ተሻግሮ መጣ።

«ጋሼ! አዲስ ሰፊ ቀጠሩ እንዴ ብዬ እኮ ነው! እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ይሄን ፊት እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነበር?»

ከፀጉር ቆራጩ በኋላ አንዲት ሴትዮ ቆመች፤ ከእሷ በኋላ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ፤ ከዚያ ስሙን የማያውቀው አንድ ባለ ጃንጥላ። አባትየው ለሁሉም ሰላምታ ሰጠ፣ የሁሉንም ኮት በዓይኑ ለካ፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን ሱሪ ግን አንድ ስፌት አላራመደውም።

«አንተ ሰውዬ!» አለች እናትየዋ ከመጋረጃው ጀርባ። «የመኪናው ድምፅ ጠፋብኝ! ስፋ እንጂ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ፤» አለ፣ ለሌላ አላፊ እጁን እያነሳ፤ «ሁሉም ሰው ይታየኛል!»