የግራው ፔዳል

ጡረተኛውን የአውቶቡስ ሹፌር ስትሮክ የመታቸው ቁርስ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው። ብርጭቆ ሊያነሱ የግራ እጃቸውን ቢያዙት እጁ አልታዘዝ አለ። ሚስታቸው «ምነው አፍህ ተጣመመ?» ብለው እስኪጮሁ ድረስ እሳቸው ምንም የሆኑ አልመሰላቸውም ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ ነፍሳቸው ተርፋለች፤ አንደበታቸውም ጎተት ይበል እንጂ ተርፏል። የግራ ጎናቸው ግን እንደተኛ ቀረ።

ሰውየው የሳይክል ሰው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሕዝብ ጭነው በአራት ጎማ ሲያመላልሱ ኖረው፣ ለራሳቸው ደስታ ግን ሁለቱ ይበቃቸው ነበር። በእረፍት ቀናቸው ማልደው ይነሱና ጎማዋ የቀጠነ የውድድር ሳይክላቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ከፎቅ ይወርዳሉ፤ የሚመለሱት ፀሐይ ከከረረች በኋላ ነው። ሚስታቸው «እኔኮ ሁለተኛ ሚስት ነኝ፤ የመጀመሪያዋ በረንዳ ላይ ቆማለች» እያሉ ጎረቤት ያስቁ ነበር።

ስለዚህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «እግሩ ሥራውን እንዳይረሳ ቤት ውስጥ ፔዳል ይምቱ» ስትል ሌላ መሣሪያ ፍለጋ አልተሄደም። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ከበሽታው ወዲህ የስፌት መኪናዋን ጭና ወላጆቿ ቤት ገብታለች። ሳይክሏን ከበረንዳ አምጥታ ሳሎኑ መሀል፣ የኋላ ጎማውን በሚይዝ የብረት ማቆሚያ ላይ አሰረቻት። ከዚያ እሷና እናቷ አባትየውን ግራና ቀኝ ደግፈው ላይዋ አወጧቸው።

የሳይክል ጫማ ሶሉ እንደ ጣውላ ደረቅ ነው። ከሥሩ ክሊት የሚሉት የፕላስቲክ ቁራጭ በብሎን ይታሰርበታል። ፔዳሉ ላይ ሲረግጡት ቀጭ ብሎ ይያያዛል፤ ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ መጠምዘዝ ነው። ለጤነኛ ሰው ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ለእሳቸው ግን ያ የማይታዘዝ እግር ተንሸራቶ እንዳይወድቅ የሚይዝላቸው እጅ ሆነ።

ችግሩ ድምፁ ነበር። በእያንዳንዱ ዙር ሲጥ ይላል። ሲጥ፣ ደግሞ ሲጥ። የታችኛው ቤት ሰውዬ መጀመሪያ ታገሠ፤ በኋላ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድብ ጀመር። እናትየው ጥጥ በጆሯቸው ወተፉ። አባትየው ግን የተናደዱት በጎረቤቱ አልነበረም።

«ሳይክል የምታለቅሰው ባለቤቷ ሲሰንፍ ነው» አሉ አንድ ከሰዓት፣ ቃሉን እየጎተቱ። «ልጄ፣ ነይ እስቲ። የግራ እጅሽን አውሺኝ።»

ልጅቱ የሰማችውን ማመን አቃታት። በልጅነቷ ወደዚያች ሳይክል ስትጠጋ «እጅሽን! ግራሶ ነው!» ተብላ ነው የምትባረረው። አሁን ወለሉ ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፋ፣ የአባቷን የመፍቻ ሳጥን ከፍታ ተቀመጠች። እሳቸው ከወንበራቸው ሆነው ቀኝ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ እሷ ትይዛለች፣ እሳቸው ያጠብቃሉ።

የቀኙን ጫማ ገለበጡት። ክሊቱ ጠርዙ ተበልቷል፤ ብሎኖቹም ላልተው በጣት ይነቃነቃሉ።

«ይኸው ሌባው» አሉ። «ሲላላ ይፋተጋል፤ ሲፋተግ ይጮሃል። ፍቺው።»

ስድስት ማዕዘን ጫፍ ባለው መፍቻ፣ በብሩጎላ ፈታችው። በውስጡ የከረመውን አሸዋ በጥርስ ብሩሽ ጠረገች፤ የብሎኖቹን ጥርስ ግራሶ ቀባች፤ ከሳጥኑ ውስጥ ያልተነካ ክሊት አውጥታ በአሮጌው ልክ አሰረች። የፔዳሉን አፍና ሞላውን በጨርቅ ወለወለች። ዘይት ልታፈስበት ስትል ክንዷን ያዟት።

«እሱ ላይ ዘይት አይሆንም፤ አቧራ ይጠራል። ሻማ አምጪና ክሊቱ የሚነካበትን ብቻ ቀቢው።»

ቀጥሎ ፔዳሎቹም ወልቀው ጥርሳቸው ይቀባ ተባለ። ቀኙ በቀላሉ ወጣ። የግራውን ግን ልጅቱ ብትታገል፣ ጥርሷን ነክሳ ብትጎትት፣ ፊቷ እስኪቀላ ብትጫነው ንቅንቅ አልል አለ።

«ዝጓል መሰለኝ፣ አባዬ።»

አባትየው ከወንበራቸው ሆነው ያዩዋት ነበር። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደንግጣ ቀና ስትል እየሳቁ ነው፤ በግማሽ አፋቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ።

«እያጠበቅሽው እኮ ነው! የግራው ተቃራኒ ነው፤ ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት ነው የሚፈታው። ቀድሜ ልነግርሽ ነበር፤ ደስ ስላለኝ ተውኩት።»

ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እናትየውም ከኩሽና ጥጡን ከጆሯቸው እየመዘዙ መጡና «ምን ተገኘ?» አሉ።

ሁሉም ነገር ተመልሶ ሲገጠም አባትየው ተደግፈው ሳይክሏ ላይ ወጡ። ቀኙ ቀጭ አለ፤ የግራውን ልጅቱ በእጇ ተጭና አስገባችው። ፔዳሉን መቱ። ሲጥታው ጠፍቷል። ጎማው ብቻ ይሰማል።

እናትየው እጃቸውን ሊያጨበጭቡ አንስተው የባላቸውን ፊት ሲያዩ ተዉት።

ጎማው እኩል አልነበረም የሚዞረው። ቩም ይላል፣ ይሞታል፤ እንደገና ቩም ይላል፣ ይሞታል። ሲጥታው ሸፍኖት ኖሮ ነው እንጂ ነገሩ እስካሁንም እንዲሁ ነበር። ቀኙ እግር ገፍቶ ያሽከረክራል፤ ተራው የግራው ሲሆን ምንም የለም። ሰውየው ዕድሜያቸውን በጆሯቸው ነው የነዱት። ሞተር ገና ሳይታመም ከድምፁ ያውቁት ነበር። ትንሽ አዳመጡና አቆሙ።

«አውርዱኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሳይክሏ አጠገብ አልደረሱም። ባለሙያዋ መጥታ ብታባብል፣ ሚስታቸው ቢቆጡ፣ ወይ ፍንክች። ልጅቱ የሚሰፋ ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ድምፁን ባናጠፋው ይሻል ነበር?» አለች።

«አይ። እውነቱን ማወቅ ይሻላል። እየነዳሁ መስሎኝ ነበር እኮ፣ ልጄ። ለካ ቀኙ እግሬ ሬሳ ይዞ ነው የሚዞረው።»

ልጅቱ የሚሰፋውን ልብስ ሰብስባ ተነሣች። ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰችና፣ ለመጀመር የመኪናዋን ፔዳል ስትረግጥ እንደ ወትሮው አልነሳም አለ። ሳታስበው የስፌት መኪናውን ጎማ በእጇ ገፋ አደረገችው፤ እግሯም ከዚያ ተቀበለ። እጇ ጎማው ላይ እንዳለ ቀረች። ከዚያ ብድግ አለች።

«አባዬ፣ ተነሥ። አንዴ ብቻ። እግርህ እምቢ ካለ ዳግመኛ አልጠይቅህም።»

ምን አይታ እንደሆነ ባይገባቸውም ተነሡ። ከእናቷ ጋር ሳይክሏ ላይ አወጧቸው፤ ልጅቱ ቀኙን እግር ባዶውን በርጩማ ላይ አሳረፈችው። የግራውን ብቻ ጫማ አጥልቃ ከፔዳሉ ጋር አያያዘችው። ከሳይክሏ ሥር ቁጢጥ ብላ የፔዳሉን ክንድ በመዳፏ ያዘች።

«አናቱ ላይ እኔ አሳልፍሃለሁ። ከዚያ ወደታች ያንተ ነው።»

ገፋችው። እግሩ አናቱ ላይ ደርሶ በራሱ ክብደት ወደቀ። ደግማ ገፋች። ወደቀ። ወገቧ ተቆረጠ፤ መዳፏ አላበው። አባትየው መሪውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ብዙ ዞረ። ከዚያ አንዱ ዙር ላይ ክንዱ ከመዳፏ ሥር ሸሸ። ከወደቀ እግር ትንሽ የፈጠነ፣ ከነፋስ የማይበልጥ ግፊት ነበር።

«አንተ ነህ?» አለች።

«እኔ እንጃ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ድገሚው።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ክረምቱ ወጣ፤ ሌላ ክረምትም መጣ። የግራው እግር እንደ ድሮው አልሆነም። ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሣትን፣ በከዘራ ከክፍል ክፍል መሄድን መለሰላቸው። አንድ ቀን ሐኪሙን «መንገድ እወጣለሁ?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ስለነበር አላለባበሰም። «በሳይክል? አይወጡም፣ አባቴ» አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤት ሲገቡ ከዘራቸውን ሳያስቀምጡ ልጃቸውን ጠሩ።

«ሳይክል ቆማ ከዋለች ታልቃለች። ኮርቻውን ባንቺ ልክ ዝቅ አድርጊው። ጫማ ግዢ፤ ክሊቱን እኔ አስርልሻለሁ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«እኔስ ሹፌር አልነበርኩም?»

ክሊቱን ሲያስሩላት እንደ ጫማ ሠሪ ነው የተጠበቡት። አረማመዷን ዓይተው የጣቷን አቅጣጫ ለኩ፤ «ጉልበትሽ እንዳይከሰኝ» እያሉ ደጋግመው አስተካከሉ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ እሷ ግቢው ውስጥ መዞር ጀመረች። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፤ በሩ ጋ የጎረቤት መኪና ስትገባ ለማሳለፍ ቆመች። እግሯ ግን አልተላቀቀም። እንደ ቆመች፣ ፍጥነት እንኳ ሳይኖራት፣ ከነሳይክሏ በጎኗ ተዘረረች።

ክርኗ ተልጦ፣ አንድ እግሯ እንደታሰረ ስትታገል፣ የከዘራ ድምፅ የሌለው የእግር ኮቴ ሰማች። አባቷ ናቸው። የደረጃውን ብረት በቀኝ እጃቸው እየጎተቱ ወርደዋል፤ ግቢውን ደግሞ ምንም ሳይዙ፣ የግራ እግራቸውን እየጠረጉ እያቋረጡ ነው። እናትየው ከኋላ «ኧረ ሰውዬ! ኧረ ትወድቃለህ!» እያሉ ከዘራውን ይዘው ይሮጣሉ።

አጠገቧ በጉልበታቸው ወደቁ ማለት ይሻላል፤ መንበርከክ አይባልም። ጫማዋን ያዙ።

«ተረከዝሽን ወደ ውጭ። ወደ ውጭ፣ ልጄ። በኃይል።»

ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። ሦስቱም እዚያው መሬት ላይ ቀሩ። እናትየው ባላቸውን ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በማግሥቱ እግሩ ከወትሮው በላይ ከበደ። ከአልጋ እስከ በረንዳ ለመድረስ ሁለት ሰው ደገፋቸው፤ ያንን ደረጃ ብቻቸውን እንዴት እንደወረዱ እሳቸውም ቢሆኑ ማስረዳት አልቻሉም። ዳግመኛም አልወረዱትም። ልጅቱ ግን ክርኗን በጨርቅ አስራ መንገድ ወጣች። ስትመለስ አቧራ ለብሳ ፊታቸው ቆመች።

«እስከየት ደረስሽ?»

«እስከ ድልድዩ።»

«ነፋሱስ?»

«ከቀኝ ይገፋል። ልጥለው ብል እምቢ አለኝ።»

«አትታገዪው» አሉና ጎናቸው ያለውን ወንበር በቀኝ እጃቸው ሳቡላት። «ተቀመጪና ከመነሻው ጀምረሽ ንገሪኝ።»